ተሳቢ እየጎተቱ ከስቴት ወደ ስቴት መሻገር፦ መንጃ ፈቃድ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ

ሥራችን ድግስ ነው። ከባለቤቴ ጋር በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ተቀምጠን ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃትና ለተዝካር ምግብ እናዘጋጃለን፤ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራውን፣ የወጡን ድስት፣ ጠረጴዛውንና የጋዝ ምድጃውን ጭነን ድግሱ ወዳለበት አዳራሽ እንሄዳለን። አዳራሹ ብዙ ጊዜ በሜሪላንድ ነው፤ አንዳንዴ በዲሲ፣ አልፎ አልፎም በፊላደልፊያ ወይም በኒው ጀርሲ ይሆናል። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከፒካፕ መኪና ኋላ አነስተኛ ተሳቢ፣ በተለምዶ ትሬይለር የምንለውን፣ ቀጥለው ለሚሠሩ ወገኖች ነው። የዲኮር ዕቃ የሚያመላልሱ፣ የሣር ማጨጃ ይዘው የሚዞሩ፣ የጽዳትና የቀለም ሥራ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አውቃለሁ። አብዛኞቻችን መንጃ ፈቃድ ካለን፣ ተሳቢውም ታርጋ ከወጣለት ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም ብለን ነው ከቤት የምንነሳው። እኔም በዚህ እምነት ለአራት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ፤ እምነቱ ግን ትክክል የነበረው በግማሽ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ተሳቢዬ ባለ አንድ አክስል፣ ክፍትና ትንሽ ነበር። ከፊት በግራ በኩል የተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳ 2,990 ፓውንድ ይላል። ለምን ሞላ ብሎ 3,000 እንዳልሆነ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ቨርጂኒያንና ፔንሲልቫኒያን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው የሚገደደው 3,000 ፓውንድ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ፋብሪካዎች ፍሬን የሌለውን ተሳቢ ሆን ብለው ከዚያ በትንሹ ዝቅ አድርገው ነው የሚመዘግቡት። ሥራችን እየሰፋ ሲመጣ በ2022 ባለ ሁለት አክስል፣ ጣሪያና ግድግዳ ያለው፣ ሰሌዳው ላይ 7,000 ፓውንድ የተጻፈበት ተሳቢ ገዛሁ። ፒካፑም በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ 7,000 ፓውንድ ይላል። ሻጩ ተሳቢው ከፒካፑ ጋር የሚያያዝበትን ኳስ መጠንና የመብራቱን ሶኬት አሳየኝ፤ ታርጋ አወጣሁ፤ ኢንሹራንሱ ላይ አስጨመርኩ። ሁለቱን ቁጥሮች ደምራቸው ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልደመርኳቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2023 በሜይ ወር፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ሰሞን፣ ለፊላደልፊያ ሠርግ ምግብ ይዘን ሌሊት ተነሳን። አብሮኝ የነበረው የ19 ዓመት የእህቴ ልጅ ነው። በሃይዌይ 95 ወደ ሰሜን እየሄድን ሳለ ንጋት ላይ አንድ የጭነት መኪናዎችን ብቻ የሚቆጣጠር ፖሊስ ከኋላችን መብራት አበራ። ዓይኑን የሳበው ምን እንደሆነ በኋላ ነገረኝ፤ በተሳቢው ጎን ላይ በትልቅ ፊደል የጻፍነው የድርጅታችን ስምና ስልክ ነው። መንጃ ፈቃዴን ተቀብሎ ብዙም ሳያየው ኪሱ ከተተና ወደ ተሳቢው ፊት ሄዶ ተንበረከከ። ሰሌዳው በመንገድ አቧራ ተሸፍኖ ስለነበር በጓንቱ አውራ ጣት ጠርጎ፣ ባትሪውን አብርቶ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈ። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ በሬን እንድከፍት ጠየቀኝና የፒካፑን ሰሌዳ አነበበ። እዚያው ቆሞ ደመረ፦ 14,000።

ቀጥሎ የጠየቀኝ ነገር ሁሉ ለእኔ አዲስ ነበር። የዲኦቲ (የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር አለህ ወይ? የሐኪም ምርመራ ካርድ አለህ ወይ? የተሳቢው ዓመታዊ ምርመራ ወረቀት የታል? የእሳት ማጥፊያና ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ይዘሃል ወይ? አንዱም አልነበረኝም። በመጨረሻ ከተሳቢው ምላስ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር ከሚያያዘው የፊት ብረት፣ ላይ ያለችውን ቀጭን የብረት ገመድ ሳበ። ይህች ገመድ ተሳቢው ከመኪናው ቢለያይ ፍሬኑ በራሱ እንዲይዝ የምታደርግ ናት። ገመዷ ስትሳብ መንኮራኩሮቹ ጥርቅም ብለው መያዝ ነበረባቸው፤ ምንም አልሆነም። ይህን ፍሬን የምታሠራው የተሳቢው ትንሿ ባትሪ ሞታ ኖሮአል። ፖሊሱ ቅጣቱን ጽፎ ከሰጠኝ በኋላ ይህ እስኪጠገን ድረስ ተሳቢው ካለበት እንደማይንቀሳቀስ ነገረኝ። ከፊላደልፊያ ሁለት ቫን ለምነን አስመጥተን እንጀራውንና ድስቱን በመንገድ ዳር እየተቀባበልን አዛወርን። ምሳው በሁለት ሰዓት ዘገየ። የሙሽራዋ አባት ምንም አላሉኝም፤ ዝም ማለታቸው እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወረቀቱን ሁላችንም ጋሼ ለምንላቸው፣ ለረጅም ዓመታት ትልቅ የጭነት መኪና እየነዱ አሜሪካን ላዞሩ ሰው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና «ልጄ፣ ፖሊሱ የጫንከውን አልመዘነም፤ መጫን የምትችለውን ነው የደመረው» አሉኝ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ያን ሳምንት ሙሉ ሳመላልሰው ቆየሁ፤ ሕጉን ራሴ ቁጭ ብዬ ሳነብ ያገኘሁትም ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በእያንዳንዱ መኪናና ተሳቢ ላይ ፋብሪካው የሚለጥፈው ሰሌዳ ጂ-ቪ-ደብሊው-አር የሚል ምህጻረ ቃል አለው። ይህም ዕቃው ከነጭነቱ ሊደርስበት የተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት ነው። ባዶ ተሳቢ እየጎተታችሁም ቢሆን የሚቆጠረው ይህ ቁጥር ነው፤ ትክክለኛው ክብደት ከሰሌዳው በልጦ ከተገኘ ደግሞ ትክክለኛው ይያዛል። ማለትም ከሁለቱ የሚበልጠው ነው የሚታየው። የፒካፑና የተሳቢው ድምር 10,001 ፓውንድ፣ ወደ 4,536 ኪሎ ግራም፣ ከደረሰና ጉዞው ከስቴት ወደ ስቴት የሚደረግ የንግድ ሥራ ጉዞ ከሆነ፣ ያ ፒካፕ በፌዴራል ሕግ ፊት የንግድ ተሽከርካሪ ነው። በአሮጌው ተሳቢ ስሄድ ድምሩ 9,990 ነበር፤ ከመስመሩ በ11 ፓውንድ ብቻ ዝቅ ብዬ ለዓመታት ሠርቻለሁ ማለት ነው። አዲሱን በገዛሁ ዕለት ሳላውቀው ወደ ሌላ የሕግ ክልል ገባሁ።

«የንግድ ሥራ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። እኔም ለፖሊሱ የሰው ዕቃ በክፍያ እንደማላጓጉዝ፣ የጫንኩት የራሴን ድስትና የራሴን ምግብ እንደሆነ ነግሬው ነበር። መልሱ ትክክል ነበር፤ የራስን ዕቃ ለራስ ሥራ ማጓጓዝም በሕጉ ይካተታል፣ ስሙም የግል አጓጓዥ ነው። ከሕጉ ውጭ የሚሆነው ግለሰብ አልፎ አልፎ የግል ንብረቱን ያለ ክፍያና ከንግድ ጋር ሳያያዝ ሲያጓጉዝ ነው። ስለዚህ ቤት ስትቀይሩ ሶፋችሁን፣ ለሽርሽር ስትሄዱ ጀልባችሁን፣ ወንድማችሁን ለመርዳት ፍሪጁን በዚያው ተሳቢ ብትጎትቱ የዲኦቲ ቁጥር አይጠየቅም። በዚያው ፒካፕና ተሳቢ፣ በዚያው መንገድ፣ ለከፈለ ሙሽራ ምግብ ስትጭኑ ግን ይጠየቃል።

«ከስቴት ወደ ስቴት» የሚለውም በእኛ አካባቢ እንደሌላው አገር ሩቅ ጉዞ አይደለም። ዲሲ ለዚህ ሕግ እንደ አንድ ስቴት ይቆጠራል። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ መድረስ ያለ ትራፊክ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ሆኖም ጉዞው የስቴት ወሰን አልፏል። በቴክሳስ ወይም በካሊፎርኒያ ያሉ ወገኖቻችን ቀኑን ሙሉ ነድተው ከስቴታቸው ላይወጡ ይችላሉ፤ እነሱ በዋናነት የስቴታቸውን ሕግ ይጠይቁ። እኛ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰዎች ግን ለቁርስ ወጥተን የፌዴራል ሕግ ውስጥ እንገባለን።

አሁን ስለ መንጃ ፈቃዱ ደረጃ፣ ብዙ ሰው የሚፈራውም እሱን ስለሆነ፣ በግልጽ ልናገር። ለእኔ ዓይነት ተሳቢ ሲዲኤል፣ ማለትም የንግድ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ፣ አያስፈልግም። ሲዲኤል ከ1986ቱ የፌዴራል ሕግ የመጣ ነው፤ ከኤፕሪል 1 ቀን 1992 ጀምሮም በሁሉም ስቴት ግዴታ ሆኗል። ለተሳቢ የሚጠይቀው ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ነው፦ ድምሩ 26,001 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆንና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ፓውንድ ሲበልጥ። ለምሳሌ 11,000 ፓውንድ የሆነ ፒካፕ 14,000 ፓውንድ ተሳቢ ቢጎትት ድምሩ 25,000 ስለሆነ ሲዲኤል አይጠየቅም፤ ያንኑ ተሳቢ 14,000 ፓውንድ የሆነ ትልቅ ፒካፕ ቢጎትተው ግን 28,000 ስለሚሆን ኤ የሚባለው የሲዲኤል ደረጃ ያስፈልጋል። አንዳንድ ስቴቶች ለራሳቸው ነዋሪዎች ተጨማሪ ደረጃ አላቸው፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ በተራ መንጃ ፈቃድ የሚያስጎትተው በመሠረቱ እስከ 10,000 ፓውንድ የሆነ ተሳቢ ነው። የራሳችሁ ስቴት በሰጣችሁ መንጃ ፈቃድና ታርጋ ግን በሌላው ስቴት ውስጥ ታልፋላችሁ፤ ስቴቶቹ አንዱ የሌላውን ያከብራሉ።

ይህ መከባበር እስከ ወረቀቱ ድረስ ብቻ ነው። ጋሼ ሲያስረዱኝ «ወረቀትህ የቤትህን ሕግ ይከተላል፣ ጎማህ የረገጠውን መሬት ሕግ ይከተላል» ብለውኛል፤ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም። ፍሬን፣ ፍጥነትና የሚፈቀደው መንገድ በሄዳችሁበት ስቴት ሕግ ይታያል። በቴክሳስ ተሳቢ ፍሬን የሚጠየቀው ከ4,500 ፓውንድ ሲያልፍ ነው፤ በካሊፎርኒያ ግን 1,500 ላይ ይጀምራል። ስለዚህ ከቴክሳስ በሕጋዊ መንገድ የተነሳ ተሳቢ በሌላው ስቴት ጥፋት ሊሆን ይችላል። በካሊፎርኒያ ተሳቢ የጎተተ መኪና ከ55 ማይል በሰዓት በላይ መሄድ አይፈቀድለትም፤ አጠገባችሁ ያሉት መኪናዎች 65 እና 70 እየሄዱም ቢሆን። በኒው ዮርክ ፓርክዌይ በሚባሉት መንገዶች፣ በኮነቲከትም በሜሪት ፓርክዌይ፣ ተሳቢ ጨርሶ አይገባም። የአሮጌዎቹ ድልድዮች ቁመት ዝቅተኛ ነው፤ ስልካችሁ ላይ ያለው የመንገድ መሪ ደግሞ ተሳቢ እንደጎተታችሁ ስለማያውቅ ሰተት አድርጎ ያስገባችኋል።

ለድግስ ሠራተኞች አንድ ነገር ለብቻው ልጨምር። ባልቲሞር ላይ ሃይዌይ 95 እና 895 በባሕር ሥር በዋሻ ያልፋሉ። በእነዚህ ዋሻዎች አንዱ ሲሊንደር ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ጋዝ ይዞ ማለፍ ክልክል ነው። እኛ ምድጃ ላይ የምንገጥመው የተለመደው ነጭ ሲሊንደር 20 ፓውንድ ነው። ድሮ ጋዝ የጫነ ሰው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞር ነበር፤ ድልድዩ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ መትቶት ከወደቀ ወዲህ ያለው አማራጭ በ695 ቀለበት መንገድ ከተማውን በምዕራብ በኩል መዞር ነው። ወደ ሰሜን ድግስ ሲኖረን እኔ አሁን ባዶ ምድጃ ብቻ ጭኜ እሄዳለሁ፤ ጋዙን እዚያው ከተማ እገዛለሁ። ይህ ከመዞርም ከመቀጣትም ይሻላል።

ቅጣቱን ከከፈልኩ በኋላ ነገሬን ለማስተካከል አንድ ወር ተኩል ገደማ ወሰደብኝ። የዲኦቲ ቁጥር የሚገኘው ከፌዴራሉ የሞተር አጓጓዦች ደህንነት አስተዳደር ነው። የራሱን ዕቃ ብቻ ለሚያጓጉዝ ሰው በኢንተርኔት የሚሞላው ማመልከቻ በነጻ ነው። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ በነጻ ነው። ቁጥሩ በወጣ በሦስተኛው ቀን ስልኬ መጮኽ ጀመረ። የመንግሥት ቢሮ የሚመስል ስም ያላቸው ደዋዮች ዛሬውኑ ይህን ያህል መቶ ዶላር ካልከፈልክ ቁጥርህ ይሰረዛል እያሉ አስጨነቁኝ፤ በፖስታም ማኅተም የሚመስል ነገር ያለበት ደብዳቤ መጣ። የማውቀው አንድ ወንድም 600 ዶላር ለእንዲህ ዓይነቱ ደዋይ ከፍሏል። ቁጥራችሁ ሲወጣ መረጃችሁ ለሕዝብ ክፍት ስለሚሆን ነው የሚደውሉት፤ ምንም ሳትከፍሉ ስልኩን ዝጉ። በእውነት የሚከፈለው ዩሲአር የሚባለው ዓመታዊ የስቴቶች ምዝገባ ሲሆን፣ አንድ ወይም ሁለት መኪና ላለው ሰው ከ50 ዶላር በታች ነው።

ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ከድርጅቱ ስም ጋር በፒካፑ በሁለቱም ጎን፣ በቀን ብርሃን ከ50 ጫማ ርቀት በሚነበብ መጠን መጻፍ አለበት። መረጃውን በየሁለት ዓመቱ ማደስ ግዴታ ነው፤ የተለወጠ ነገር ባይኖርም ይታደሳል። አዲስ ገቢ ለ18 ወር ክትትል ሥር ይሆናል፤ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራትም ውስጥ ሰነዶቹን የሚያይ መርማሪ ይመደብለታል። እኔን የጠየቁኝ ሁሉንም በኮምፒውተር እንድልክ ነበር። የመንጃ ታሪኬን፣ የሐኪም ካርዴን፣ የኢንሹራንሱን ወረቀት፣ የመኪናውንና የተሳቢውን ዓመታዊ ምርመራ፣ የሥራ ሰዓት መዝገቤን ላክሁ። ከቤቴ በቀጥታ መስመር እስከ 150 የአየር ማይል ባለው ክልል ውስጥ ሠርቼ የምመለስ ስለሆነ የምይዘው መዝገብ ቀላል ነው፤ ሥራ የጀመርኩበትንና የጨረስኩበትን ሰዓት እጽፋለሁ፣ ለስድስት ወር አስቀምጣለሁ። ፊላደልፊያ በዚህ ክልል ውስጥ ናት፤ ኒው ዮርክ ከተማ ግን ውጭ ናት፣ ወደዚያ ስሄድ ሎግ የሚባለውን የዕለቱን ዝርዝር የሰዓት መዝገብ በሙሉ እሞላለሁ።

የሐኪሙ ምርመራ ያስፈራኝ ነበር፤ ሲደርስ ግን ቀላል ሆነልኝ። በፌዴራሉ መዝገብ ላይ ስሙ ያለ ሐኪም መሆን አለበት፤ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ካልተመዘገበ አይሆንም። ዓይን፣ ጆሮ፣ ሽንትና የደም ግፊት ያያል። ካርዱ ቢበዛ ለሁለት ዓመት ይሰጣል፤ የደም ግፊት ከ140 በ90 ካለፈ ግን ጊዜው ያጥራል። ከኛ መካከል ግፊቱን ሳያውቅ የሚኖረው ብዙ ነውና ከቀጠሮው በፊት አስቀድማችሁ ተለኩ፤ ለፈቃዱ ብቻ ሳይሆን ለራሳችሁም ጤና።

ያን ዕለት ከእኔ ጋር የነበረው የእህቴ ልጅ ግማሹን መንገድ ሊነዳልኝ አስበን ነበር። መንጃ ፈቃዱ ንጹሕ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ጥሩ ይነዳል። ነገር ግን በዚህ ሕግ ሥር ያለ ተሽከርካሪን ከስቴት ወደ ስቴት ለመንዳት 21 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። ፖሊሱ ሲያስቆመን መሪው ላይ እሱ ቢሆን ኖሮ ሌላ ጥፋት ይጨመርብን ነበር። ልጆቻቸውንና የወንድም የእህት ልጆችን በሥራቸው የሚያግዙ ቤተሰቦች ይህን ልብ ይበሉ።

የቋንቋውንም ጉዳይ ሳልነካ ማለፍ አልችልም። በዲሲ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና በአማርኛ መፈተን ይቻላል፤ ይህ ለብዙ ወላጆቻችን ትልቅ በር ከፍቷል። ሆኖም የንግድ ተሽከርካሪ ከስቴት ወደ ስቴት የሚነዳ ሰው እንግሊዝኛ አንብቦ ምልክቶችን መረዳትና ለፖሊስ ጥያቄ መመለስ መቻል አለበት የሚለው የፌዴራል ደንብ ለብዙ ዓመታት የነበረ ነው፤ ለሲዲኤል ነጂዎችም ብቻ የተጻፈ አይደለም። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ይህን የማያሟላ ነጂ በቅጣት ብቻ አይታለፍም፤ እዚያው መንገድ ላይ ከመንዳት ይታገዳል። አማቴ በእንግሊዝኛ ምግባቸውን ይሸጣሉ፣ ገበያ ይገበያያሉ፤ ግን «ዓመታዊ የምርመራ ወረቀትህ የታል?» የሚለውን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሰምተው አያውቁም። አሁን ሁለታችንም የፖሊሱን ጥያቄዎች ኩሽና ውስጥ እየተጠያየቅን እንለማመዳለን። ያለ ኀፍረት እንድትለማመዱ እለምናለሁ።

ስለ ተሳቢው አካል ያለኝ ምክር አጭር ነው፤ እዚህ ሁሉ ያደረሰችኝ የሞተች ትንሽ ባትሪ ስለሆነች ከእሷ እጀምራለሁ። ሁልጊዜ ከመነሳቴ በፊት ገመዷን ስቤ ፍሬኑ ሲይዝ እሰማለሁ፤ መልሼ እሰካታለሁ። ሁለቱን ሰንሰለቶች ከምላሱ ሥር አመሳቅዬ አስራለሁ፤ ኳሱ ቢለቅ ምላሱ አስፋልት ላይ ከመሰካት ይልቅ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ከጠቅላላው የተሳቢ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ምላሱ ላይ እንዲያርፍ ከባዱን ወደ ፊት እጭናለሁ። ከኋላ የከበደ ተሳቢ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ዓሣ ጭራ ይወዛወዛል፤ አንዴ የውኃ ካርቶኖቹን ከኋላ ጭኜ አይቼዋለሁና ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። የተሳቢ ጎማ ብዙ ስለማይሄድ ሳያልቅ ነው የሚያረጀው። በጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2317 ከሆነ በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ስለመሰለ አትታለሉ።

ኢንሹራንስን በተመለከተ ደላላችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ የግል መኪና ውሎች ተሳቢው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ይሸፍናሉ፤ ተሳቢውን ራሱንና በውስጡ ያለውን ዕቃ ግን አይሸፍኑም፣ ጉዞው ለንግድ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ላይሸፍኑ ይችላሉ። የሌላ ሰው ዕቃ በክፍያ ከስቴት ወደ ስቴት የምታጓጉዙ ከሆነ ነገሩ ከእኔ ይለያል። ክብደቱ ምንም ቢያንስ ኤምሲ የሚባለው የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ የማመልከቻው ክፍያ 300 ዶላር ነው። ለተራ ጭነት የሚጠየቀው ዝቅተኛ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ከ10,001 ፓውንድ በታች 300,000 ዶላር፣ ከዚያ በላይ 750,000 ዶላር ነው። የቤት ዕቃ ማዛወር ሥራ ደግሞ የራሱ ተጨማሪ ደንብ ስላለው በዚህ ጽሑፍ ብቻ ተማምናችሁ እንዳትጀምሩ።

ቤት የምትቀይሩ ሰዎች ተሳቢውን አትርሱት። ወደ ቨርጂኒያ የገባ ሰው ተሽከርካሪውን በ30 ቀን ውስጥ፣ መንጃ ፈቃዱን በ60 ቀን ውስጥ መለወጥ አለበት፤ በሜሪላንድ ለሁለቱም 60 ቀን ነው። ሰው መኪናውን ይመዘግብና ተሳቢው ጓሮ ውስጥ በአሮጌው ታርጋ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ ታርጋው ያለፈበት መሆኑ የሚታወቀው በመጀመሪያው የሥራ ቀን በፖሊስ ነው።

ባለፈው ዓመት አሮጌዋን ትንሽ ተሳቢ ለመሸጥ ስወስን አንድ የጽዳት ሥራ የሚሠራ ወጣት ደወለልኝ፤ የሚኖረው በቨርጂኒያ፣ ደንበኞቹ ያሉት በሜሪላንድ ነው። ከመምጣቱ በፊት የፒካፑን በር ከፍቶ ቁጥሩን እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። 7,200 አለኝ። ከ2,990 ጋር 10,190 ነው፤ በ189 ፓውንድ ከመስመሩ ያልፋል። ይህን ነግሬው ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «ጋሼ፣ ቁጥሩን ካወጣሁ በኋላ ልምጣ?» አለኝ። ጠበቅኩት። በሦስት ሳምንቱ በፒካፑ በሁለቱም ጎን ቁጥሩን ጽፎ፣ የሐኪም ካርዱን በኪሱ ይዞ መጣና ሰንሰለቱን አብረን አመሳቅለን አሰርን።